ቀትር ላይ የሚያኮርፈው ኤክስካቫተር

ከኮምቦልቻ መነሻ

የዚህ ጉዞ ምክንያት አንድ ቃል ነው። ኮምቦልቻ ባለችኝ ትንሽ ጋራዥ ውስጥ የአንድ ሎደር መብራት ስጠጋግን ስልኬ ጮኸ። ደዋዩ ኪሮስ ነበር። ኪሮስ የኮረም ልጅ፣ የኤክስካቫተር ኦፕሬተር ነው፤ የተዋወቅነው ደሴ አካባቢ መንገድ ሲሠራ ነው። አሁን ዋግ ኽምራ፣ ዝቋላ ወረዳ ውስጥ፣ ለአንድ መንደር የውሃ ኩሬ እየቆፈረ ነበር።

«ጋሽ አሰፋ፣ ማሽኑ አኩርፏል» አለኝ።

በዚህ ሥራ ዘመኔ ስለ ማሽን ብዙ ዓይነት አቤቱታ ሰምቻለሁ። ሞተ ይሉኛል፣ አበደ ይሉኛል፣ ታነቀ ይሉኛል። አኮረፈ ሲባል ግን የመጀመሪያዬ ነው። ምን ማለትህ ነው ብዬ ጠየቅኩት።

«ጠዋት ጠዋት ይታዘዘኛል። ፀሐዩ ሲከር ሞተሩ እየሠራ ክንዱ እምቢ ይላል። አይሞት፣ አይሠራ። ዝም ብሎ ያጉረመርማል። ስክሪኑ ላይ አንድ ጽሑፍ ይመጣል፤ የጃፓን ፊደል ነው መሰለኝ፣ አላነበውም።»

ይህን የሰማ ባለትዳር ሁሉ ነገሩ ኩርፊያ መሆኑን ያውቃል። እኔም በልቤ ልጁ ከብዙ መካኒክ የተሻለ ምርመራ አድርጓል አልኩ።

እኔ የከባድ ማሽን ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ወደ አገራችን የሚገቡት ኤክስካቫተሮች አብዛኞቹ ያገለገሉ ናቸው፤ በሰው አገር ጉልበታቸውን ጨርሰው፣ መንገድ ላይ ቀለም ተቀብተው፣ ወጣት መስለው ይመጣሉ። ቀለሙ የማይሸፍነው ሽቦውን ነው። በአንድ ኤክስካቫተር ውስጥ ቢያንስ ሦስት ኮምፒውተሮች አሉ። አንዱ ሞተሩን ይጠብቃል፤ አንዱ ለክንዱ ጉልበት የሚሰጠውን ፓምፕ ያዛል፤ ሦስተኛው በኦፕሬተሩ ፊት ያለው ስክሪን ነው። እነዚህ ሦስቱ እርስ በርስ በተጠማዘዙ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ቀኑን ሙሉ ይነጋገራሉ። ንግግሩ ከተቋረጠ ሞተሩ ቢሠራም ክንዱ አይነሳም፤ ፓምፑ ከሞተሩ ቃል ሳይሰማ ጉልበት አይለቅምና። ማኩረፍ ማለት ይኸው ነው።

ኪሮስ ቀጥሎ የነገረኝ ነው ከጋራዤ ያስነሳኝ። ጊዜው የግንቦት መጨረሻ ነው፤ ኩሬው በግማሽ ቀርቷል። የማሽኑ ባለቤት ሐጂ እንድሪስ የሚባሉ የሰቆጣ ነጋዴ ናቸው። ማሽኑ ቶሎ ካልዳነ ሎቤድ፣ ማለት ማሽን የሚጭነውን ረጅም ተሳቢ፣ አምጥተው ሊያወጡት ወስነዋል። ወደ መንደሩ የሚያስገባው መንገድ አሸዋማ ወንዝ ያቋርጣል፤ የመጀመሪያው ዝናብ ከጣለ ወንዙ ሞልቶ ማሽኑ ክረምቱን ሙሉ እዚያው ይታሰራል። ማሽኑ ከወጣ ደግሞ በግማሽ የቀረው ጉድጓድ ውሃ አይዝም። መንደሩ ሌላ በጋ በጥም ሊያሳልፍ ነው ማለት ነው።

ባለቤቴ ልብሴን ስታጣጥፍ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች። «ላኮረፈ ማሽን ዝቋላ ድረስ ትሄዳለህ። እኔ ሳኮርፍ ከሳሎን እስከ መኝታ ቤት አትመጣም።» ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

መርሳ፣ ቆቦ፣ ኮረም

በሚኒባስ ነው የሄድኩት። ላፕቶፔን እቅፌ ላይ፣ የመፍቻ ሳጥኔን እግሬ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩ። ረዳቱ ዕቃ ሁሉ ጣሪያ ላይ ይጫን ብሎ ቢከራከረኝም ላፕቶፑን አልሰጠሁትም። የማሽኖችን ቋንቋ የሚያነበው ፕሮግራም እሱ ውስጥ ነው፤ በእሱም ትንሽ እኮራ ነበር።

መርሳ ላይ እንደ ደንቡ ፓፓያ በላን። ሻጯ በቢላዋ ሰንጥቃ ፍሬውን ጠርጋ፣ ሎሚ ጨምቃ ነው የምትሰጠን። ከወልድያ አልፈን ቆቦ ስንደርስ ሜዳው ሙቀቱን ለቀቀብን፤ የማሽላው ማሳ ታርሶ ዝናብ ይጠብቃል፣ ገበሬው ሰማይ ሰማይ ያያል። አላማጣን ካለፍን በኋላ መኪናው ወደ ኮረም ዳገቱን ጀመረ። ያ ዳገት አንዱን መታጠፊያ ጨረስኩ ስትሉ ሌላው የሚቀበላችሁ ነው። ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ መታጠፊያው በመጣ ቁጥር «ማርያም» ይላሉ፤ ሲያልፍ ደግሞ ቆሎ ያድሉኛል። ኮረም ስንደርስ ቆሎው አልቆ ነበር፤ ብርዱም አጥንት ይፈልጋል።

ኮረም አድሬ በማግስቱ የሰቆጣን መኪና ያዝኩ። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ጠባዩ አይታወቅም፤ ለስላሳ ሆኖ ያሳስቃችሁና ድንገት ኮረኮንች ይሆናል። ተራሮቹ ራቁታቸውን ናቸው። በእርከን የተደረደሩ ትናንሽ ማሳዎች ገደል ጫፍ ድረስ ወርደዋል፤ ይህን ያህል ድንጋይ ለቅሞ የደረደረ ሕዝብ ሰነፍ የሚለው ካለ መጥቶ ይይ። እኔ አገሩን ወደድኩት። ለምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ እስከ ዛሬ በደንብ አላስረዳም፤ ብቻ ደረቴ ሰፋ አለኝ።

ሰቆጣ

የሐጂ እንድሪስ ሱቅ ገበያው ዳር ነው። ቆርቆሮ፣ ምስማር፣ ሲሚንቶ፣ ጨው፣ የፕላስቲክ ጫማ፤ የሌለ የለም። ነጭ ኮፍያ ያደረጉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ዓይናቸው ግን ከማየት የማያርፍ ሰው ናቸው።

«ኢንጅነር መጣህልን? አልሐምዱሊላህ።»

«ሐጂ፣ እኔ ኢንጅነር አይደለሁም።»

«ከኮምቦልቻ እዚህ ድረስ የተጠራ ሰው ኢንጅነር ነው» ብለው ነገሩን ዘጉት።

ማታ ቤታቸው ወሰዱኝ። ሽሮ በማሽላ እንጀራ ቀረበ፤ ከዚያ ዳቦና የሰቆጣ ነጭ ማር። ሥጋ ያልቀረበው ለእኔ ብለው እንደሆነ ገብቶኛል። «የእናንተና የእኛ ቢላ ይለያያል» አሉ እየሳቁ፣ «ማር ግን ቢላ አያውቅም፤ ብላ።» ነጭ ማር ስሙን ሰምቼ እንጂ ቀምሼው አላውቅም ነበር። ሁለተኛ ዳቦ ቆረስኩ፤ ሦስተኛም ቆረስኩ።

እየበላን ስለ ማሽኑ ጠየቅኳቸው። ከወንድሞቻቸው ጋር ሆነው ነው የገዙት፤ ሲገዙት ሌላ ሰው ብዙ ሠርቶበታል። በቅርቡ የተነካካ ነገር አለ ወይ ስላቸው ትንሽ አሰቡ።

«የት እንዳለ በስልኬ የማይበትን ዕቃ አስገጥሜበታለሁ። ኪሮስን ጠልቼው አይደለም፤ ደህና ልጅ ነው። ግን ገበሬው ይወደዋል። አንዱ ዶሮ ያመጣል፣ ሌላው ቅቤ፤ ከዚያ ይኸችን የማሳዬን ጫፍ ቆፍርልኝ ይባላል። የተቀበለ እጅ እምቢ ማለት አይችልም። ስለዚህ እንቁላል እንኳ እንዳትቀበል ብዬዋለሁ።»

እኔ ግን ከዚህ ሁሉ ጆሮዬ የቀረው በመከታተያው ላይ ነው። ማን ገጠመው አልኳቸው። የስልክ ጠጋኝ አሉኝ። ወዲያው ፈረድኩ። የስልክ ጠጋኙ ኤሌክትሪክ ፍለጋ የማይሆን ሽቦ ቆርጧል፤ ማሽኑ ያኮረፈው ለዚህ ነው።

«ሐጂ፣ በሽታውን ያገኘሁት ይመስለኛል።»

«ሳታየው? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አሉና ማሩን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

ቁልቁል ወደ ዝቋላ

በማግስቱ በሐጂ ፒክአፕ፣ ሐጂ ራሳቸው ከፊት ተቀምጠው፣ ወረድን። በዝቋላ አቅጣጫ ደጋው ሲያልቅ ሙቀቱ በመስኮት ይገባል፤ ካፖርቴን አወለቅሁ፣ ሹራቤን አወለቅሁ። ግራርና ቁርቁራ፣ ቀይ አፈር፣ ዛፍ ተደግፈው በሁለት እግራቸው ቆመው ቅጠል የሚለቅሙ ፍየሎች። ያ የተባለውን አሸዋማ ወንዝ ስናቋርጥ ጠብታ ውሃ አልነበረበትም። መሀሉ ላይ ሴቶች አሸዋውን በጎድጓዳ ሳህን እየጫሩ፣ ከሥሩ የሚጠራቀመውን ጥቂት ውሃ በጣሳ ወደ ጄሪካን ይቀዳሉ። አህዮቻቸው ቆመው ይጠብቃሉ። ሐጂ ሾፌሩን ቀስ በል፣ አቧራው ውሃው ላይ እንዳይገባ አሉት።

መንደሩ ስንደርስ ኪሮስ ሮጦ መጣ። ከስቷል። እጄን ጨብጦ አልለቅ አለ፤ ሐጂን ግን ጎንበስ ብሎ ሰላም ካለ በኋላ ዓይናቸውን አያይም። ከኋላው ቢጫው ማሽን ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ክንዱን መሬት ላይ ጥሎ ቆሟል።

የኩሬው ቦታ የእማማ ትርንጎ ማሳ ነበር። እማማ ትርንጎ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ፀጉራቸውን በጥቁር ሻሽ ያሰሩ ሴት ናቸው። ባላቸው ትተውላቸው የሄዱትን ቀፎዎች የሚጠብቁት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። በቤታቸው የሚናገሩት ኽምጣንጋ፣ የዋግ አገው ቋንቋ፣ ስለሆነ አማርኛቸው ረጋ ብሎ፣ ቃል እየመረጠ ይወጣል። ማሳዎን ለምን ሰጡ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እኔስ እድሜዬን ሙሉ ወንዝ ወርጃለሁ፤ ለምጀዋለሁ። ንብ ግን አይለምድም። ንብም እንደ ሰው ውሃ ይሻል። አምና ወንዙ ሲነጥፍ ሁለቱ ቀፎ ባዶ ቀረ፤ ጥለውኝ ሄዱ። ምን ብዬ ልቆጣቸው?» ወደ ጉድጓዱ ተመለከቱ። «ልጄ፣ ይነሳል ይኸ?»

«ይነሳል፣ እማማ» አልኳቸው። የስልክ ጠጋኙን አስቤ ነው እንዲህ የደፈርኩት።

ጠዋት ታዛዥ

ያን ቀን መሽቶ ስለነበር ሥራ የጀመርነው በማግስቱ ማለዳ ነው። መጀመሪያ የባትሪውን ገመድ ፈታሁና በሁለቱ የመነጋገሪያ ሽቦዎች መካከል ቴስተር አስገባሁ። የዚህ ምርመራ ሕግ ቀላል ነው። መስመሩ በሁለት ጫፉ መዝጊያ የሚባሉ ሁለት ትናንሽ ዕቃዎች አሉት፤ ሁለቱም ደህና ከሆኑና ሽቦው ካልተቆረጠ ቴስተሩ ወደ ስልሳ ኦም ያሳያል። አንዱ ጫፍ ከጠፋ እጥፍ ይሆናል፤ ሽቦዎቹ ከተነካኩ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ቴስተሬ ስልሳ አለ። ጤነኛ ነው።

ባትሪውን መልሰን ኪሮስ አስነሳው። ክንዱ ብድግ አለ። ባልዲው አፈር ዝቆ አፋፉ ላይ ዘረገፈ። ለማየት የወጣው መንደርተኛ እልል አለ፤ እማማ ትርንጎ «አቍ፣ አቍ» እያሉ ለራሳቸው አጉተመተሙ። ኪሮስ ከካቢኑ አንገቱን አውጥቶ፣ «ውሃ ማለታቸው ነው» አለኝ። እኔ አልተደሰትኩም። የታመመው ሰው ሐኪም ሲያይ እንደሚድነው ነው፤ ሐኪሙ ሲሄድ ይወድቃል።

ፀሐዩ እስኪከር የመከታተያውን ዕቃ ፈታሁት። የስልክ ጠጋኙን ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ንጹሕ ሥራ ነው የሠራው። ኤሌክትሪኩን የወሰደው ከመብራቱ ፊውዝ ነው፤ የመነጋገሪያውን ሽቦ በጣቱም አልነካ። ለማንኛውም ብዬ ነቅዬ አወጣሁት።

ቀትር

ጥላዬ እግሬ ሥር ሲገባ ማሽኑ አኮረፈ። ክንዱ አፈር እንደዘቀ አየር ላይ ቀረ፤ ሞተሩ ወደ ማጉረምረም ወረደ፤ ስክሪኑ ላይ ያ ጽሑፍ ብቅ አለ። ሐጂ ቁርቁራው ሥር ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ፤ ከሱቃቸው ስልክ ሲደወልላቸው «የሎቤዱን ሰው እንዳትለቀው» ሲሉ ሰማሁ።

ላፕቶፔን ሰካሁ። የምኮራበት ፕሮግራም ማንንም አላገኘም፤ ሁሉም ዝም ብለው ሳለ ማንን ያነጋግር? ዘግቼው፣ ሞተሩን አስጠፍቼ፣ ወደ ቴስተሬ ተመለስኩ። ማሽኑ ሲያርፍ በሁለቱ ሽቦዎች ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ተቀራራቢ፣ ከሁለት ቮልት ተኩል ብዙ የማይርቅ መሆን አለበት። አንዱ ግን ወደ ላይ ወጥቷል። ከየት የመጣ ኤሌክትሪክ ነው? የሞተሩን ኮምፒውተር ነቀልኩ፤ አልወረደም። የፓምፑን ነቀልኩ፤ አልወረደም። ስክሪኑን ነቀልኩ፤ አልወረደም። እዚህ ላይ ደስም አለኝ፣ ፈራሁም። ደስ ያለኝ ኮምፒውተሮቹ ነጻ ስለወጡ ነው፤ ከእነሱ አንዱ ቢቃጠል ኖሮ ምትኩ እስኪመጣ ክረምቱ ይገባ ነበር። የፈራሁት ደግሞ በሽታው ሽቦው ውስጥ ስለሆነ ነው። ያገለገለ ማሽን ሽቦ መፈተሽ ማለት የማታውቀውን ሰው ሆድ መፈተሽ ነው፤ ማን የት ቆርጦ የት እንደቀጠለ አይታወቅም።

ካቢኑ ውስጥ ሆኜ ላቤን ስጠርግ አንዲት ንብ በጆሮዬ አለፈች። ከዚያ ሌላ። በባርኔጣዬ አባረርኳቸው፤ ተመለሱ። ከኤሌክትሪክ ይልቅ ንብ ነው የሚያስፈራኝ፤ ስለዚህ በደንብ ተከታተልኳቸው። የሚሄዱት ወደ ሰው አይደለም፤ ከወንበሩ ኋላ ወዳለው ክፍተት ነው፤ እዚያ ገብተው አይወጡም።

«ኪሮስ፣ ከወንበርህ ኋላ ምን አለ?»

«ጋቢዬ ነው፣ ጋሼ።»

«ንብ ጋቢ ይበላል?»

ኪሮስ ወደ ሐጂ አየ፤ ወደ እኔ አየ። ጋቢውን አነሳሁት። ከሥሩ ማር የያዘ የዘይት ጄሪካን አለ፤ ክዳኑ በጨርቅ ታስሯል፤ ግን ማሽኑ ሲንቀጠቀጥ ከብረቱ ጋር እየታከከ ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል። ግማሽ ሆኗል። የጎደለው ማር በግድግዳው ሥር ወርዶ፣ የሽቦውን እሽግ ተከትሎ፣ ሽፋኑ ሥር ገብቷል። ሽፋኑን ፈታሁት። ትልቁ ሶኬት እዚያ ነው፤ የመነጋገሪያዎቹ ሁለት ሽቦዎች ከባትሪው ኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር ጎን ለጎን የሚያልፉበት። ውሃ እንዳያስገባ የሚጠብቀው ጎማ የለም፤ የድሮው ባለቤት መካኒክ ፈትቶ ሳይመልሰው የቀረ ነው። ሶኬቱን ስለየው ማር እንደ ክር ተጎተተ፤ እግሮቹ አረንጓዴ ዝገት አብቅለዋል።

ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር ይላል ያገሬ ሰው። እኔ የስልክ ጠጋኝ ስጠረጥር ስንጥሩ ማር ውስጥ ነበር። በብርድ ማር ይረጋል፤ ኤሌክትሪክም ብዙ አያሳልፍም። ስለዚህ ጠዋት ሰላም ነው። ፀሐዩ ሲከር ይቀጥናል፣ ይፈሳል፣ ከዝገቱ ጋር ተላቁጦ የባትሪውን ኤሌክትሪክ ወደ መነጋገሪያው መስመር ያሻግራል። ያኔ ሦስቱ ኮምፒውተሮች አይሰማሙም። ሌላ አገር ያለ ባለሙያ ይህን በሽታ ከመጽሐፍ አያገኘውም።

ኪሮስ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። «እማማ ትርንጎ ናቸው የሰጡኝ፤ ቁፋሮው የተጀመረ ቀን። አልቀበልም ብል ማሳቸውን የሰጡ ሴት ምን ይሉኛል? ሐጂ ደግሞ እንቁላል እንኳ ብለዋል። ለእናቴ ልወስደው ደበቅሁት። ጣቴን እንኳ አልነከርኩበትም፣ ጋሼ። አደራ። ሐጂም አይስሙ፤ እሳቸውም አይስሙ። ስጦታዬ ኩሬውን አስቀረ ቢሉ እንዴት ይሆናሉ?»

ልጁ የራሱን እንጀራ ረስቶ የእማማ ትርንጎን ልብ ማሰቡ አንጀቴን በላው። ጄሪካኑን በጋቢው ጠቅልዬ ከመፍቻ ሳጥኔ ኋላ አስቀመጥኩት።

ውሃና አረቄ

ማር በምን ይለቃል? በሙቅ ውሃ። ይህን ለማለት አፌ ከበደኝ፤ ሴቶቹ ውሃ ሲቀዱ አይቻለሁ። ግን ሌላ መላ አልነበረም። የሶኬት ማጽጃ ስፕሬይ ይዤ መጥቼ ነበር፤ ስጫነው አየር ብቻ ተነፈሰ። እማማ ትርንጎን ትንሽ ሙቅ ውሃ ይሰጡኝ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ለምን አላሉኝም። ማንቆርቆሪያ ሙሉ አሙቀው አመጡና ራሳቸው በቀስታ ያፈሱልኝ ጀመር። እኔ ሶኬቱን በጥርስ ብሩሽ እያሸሁ፣ ከሥሩ ሳህን ደቅኜ። አንድ ጠብታ መሬት ላይ ሲወድቅ ሁለታችንም አየነው።

ከውሃው በኋላ ውሃውን የሚያባርር ነገር ያስፈልጋል። ከጎረቤት አንድ ብርጭቆ ጠንከር ያለ አረቄ አስመጣሁ። ሐጂ ከቁርቁራው ሥር ተነስተው መጡ።

«አረቄው ለማሽኑ ነው ወይስ ለኢንጅነሩ?»

«ለማሽኑ ነው፣ ሐጂ።»

«እንግዲያው የእኔ ማሽን ዛሬ ሰከረ በለኛ» ብለው አፍንጫቸውን በኮታቸው ሸፍነው ቆሙ። ብዙም ሳይቆዩ ኮታቸውን ከአፍንጫቸው ወሰድ አድርገው አየሩን ሳብ አደረጉ። ከዚያ ወደ ቁርቁራው ጥላ ተመለሱ።

ሶኬቱ በፀሐይ ደረቀ። በጠፋው ጎማ ምትክ ከሞተር ሳይክል የውስጥ ጎማ ቆርጬ አሰርኩለት። የተነቀሉትን ኮምፒውተሮች መልሼ ሰካሁ። ቴስተሬን አስገባሁ፤ ሁለቱ ሽቦዎች ተቀራርበው ተቀምጠዋል። ላፕቶፑንም ደግሜ ሰካሁት፤ ሦስቱም አንድ በአንድ ስማቸውን ጠሩ።

ፀሐዩ ገና አልበረደም፤ ሙቀቱ የባሰበት ሰዓት ነበር። ኪሮስ አስነሳው። አየር ላይ የቀረው ክንድ ያን የዘቀውን አፈር አፋፉ ላይ ዘረገፈ፤ ተመልሶ ወረደ፤ ቆፈረ። እኛም ቆመን ጠበቅን። አላኮረፈም። ጥላው ረዝሞ፣ ፍየሎቹ ወደ ቤት ሲገቡም ይቆፍር ነበር። እልልታው የመጣው ዘግይቶ ነው፤ ሰዉ የጠዋቱን እያስታወሰ እስኪያምን ጊዜ ወሰደበት። እኔ ልቤ እስኪሞላ ተደሰትኩ፤ ጋራዥ ውስጥ መቶ ማሽን ባስነሳ እንዲህ አልደሰትም። ሐጂ ስልካቸውን አወጡና የሎቤዱን ሰው በሰላም አሰናበቱት።

«በሽታው ምን ነበር?» አሉኝ እማማ ትርንጎ።

«ሶኬቱን የሚጠብቀው ጎማ የለም፤ ቆሻሻ ገብቶበት ነው» አልኳቸው። ግማሹ እውነት ነው። «እህ» ብለው ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው ሄዱ።

መልስ

በማግስቱ ማሽኑን ቀትር እስኪያልፍ ተመልክቼ ልንነሳ ስንል እማማ ትርንጎ ወደ ፒክአፑ መጡ። በሁለት እጃቸው አንድ የመስታወት ማሰሮ ይዘዋል፤ ነጭ ማር፣ ክዳኑ በጨርቅና በገመድ ጥብቅ ብሎ የታሰረ።

«እማማ፣ ምን አደከመዎት?»

«ለቤትህ ውሰደው። ግን ልጄ፣ ይኸን እቅፍህ ላይ ያዘው፤ ከሽቦ አጠገብ አታኑረው።»

ማሰሮውን ተቀብዬ ቀና ብዬ አየኋቸው። እሳቸው በሻሻቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ።

«ንቦቼ መች ይዋሻሉ? የራሳቸውን ማር ፍለጋ ካቢኑ ሲገቡ አይቻለሁ። ትናንት ሙቅ ውሃ ስትለኝ ማር ልታጥብ ነው አልኩ። ኪሮስን አደራ፣ አወቁ ብለህ እንዳታሳቅቀው። ለእናቱ ሌላ አዘጋጅቼለታለሁ።»

መኪናው ሲንቀሳቀስ ሐጂ ወደ እቅፌ ዞረው አዩ። ወንዙን እንደተሻገርን እንዲህ አሉኝ፦

«ኢንጅነር፣ ያ ጎማ የምትለው ነገር የማር ሽታ አለው?»

ምን ልበል? ልዋሽ ወይስ እውነቱን ልናገር ስል እሳቸው ቀደሙኝ።

«ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ። እኔ እንቁላል አትቀበል አልኩት እንጅ ማር አትቀበል መች አልኩት?» ብለው ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለሱ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ከኋላ አየሁ፤ እየሳቁ ነበር።

ለካ ሁሉም ያውቁ ኖሯል። ኪሮስ ለእማማ ትርንጎ ብሎ ዝም፣ እማማ ለኪሮስ ብለው ዝም፣ ሐጂ ለሁለቱም ብለው ዝም። በማሽን ላይ እንዲህ ያለ ዝምታ ሲገጥመኝ በሽታ ነው ብዬ እፈታዋለሁ። በዚያ መንደር ግን ጤና ነበር፤ እኔም እንዳለ ተውኩት።

ከሰቆጣ ወደ ኮረም ስንወጣ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ከኮረም በታች የሚኒባሱ ረዳት እንደገና ዕቃ ይጫን አለ፤ ላፕቶፔን ያለ ክርክር አውጥቼ ሰጠሁት። ማሩን ግን እስከ ኮምቦልቻ ከእቅፌ አላወረድኩም። ባለቤቴ በሩን ከፍታ ማሰሮውን ስታይ፣ «ሳኮርፍ እንዲህ ይመጣልኛል ማለት ነው?» አለችኝ። ዳቦ ስትቆርስ ቁጭ ብዬ ነገሩን ሁሉ አወራኋት፤ ከሳሎን እስከ መኝታ ቤት ያለውም መንገድ ያን ያህል ሩቅ አለመሆኑን ተረዳሁ።

ከዚህ ጉዞ የተረፈኝ ትምህርት አንድ ጥያቄ ነው። ድሮ ሰው ማሽን ተበላሸ ብሎ ሲደውልልኝ፣ ማን ነካካው ብዬ ነበር የምጀምረው፤ ጥፋተኛ ፍለጋ ማለት ነው። አሁን እሱን አስቀድሜ አልጠይቅም። ሰው ምን ሰጣችሁ እላለሁ። ደዋዩ ግራ ይጋባል፣ ይስቃል፤ ብዙዎቹ ግን ትንሽ አስበው አንድ ነገር ይነግሩኛል።

ዝናቡ ከገባ በኋላ ኪሮስ ደወለ። ኩሬው አልቆ ማሽኑ ወንዙን ተሻግሮ ወጥቷል፤ እሱም እናቱ ዘንድ ኮረም ነው። የመጀመሪያው ጎርፍ ኩሬው ውስጥ ገብቶ፣ ደፍርሶ አድሮ፣ ጠዋት መርጋት ሲጀምር ሰዉ ጄሪካኑን ይዞ ወረደ አለኝ። እማማ ትርንጎ ግን ማንንም ወደ ውሃው አላስጠጉም፤ እጃቸውን ዘርግተው ቆዩ፣ ዝም በሉ አሉ። ጠርዙ ላይ፣ እርጥቡ ጭቃ ላይ፣ ቀድመው የደረሱ ንቦች ተደርድረው ይጠጡ ነበር።